ላልመጣ ወረርሽኝ የተሰጠ ክትባት፦ የ1976ቱ የአሜሪካ የኢንፍሉዌንዛ ዘመቻ

በ1976 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ በኒው ጀርሲ ግዛት በሚገኘው በፎርት ዲክስ የጦር ሰፈር የነበሩ ምልምል ወታደሮች በጉንፋን መሰል ሕመም ይያዙ ጀመር። ወራቱ የብርድ ወራት በመሆኑና ወጣቶቹም ከልዩ ልዩ ግዛት ተሰባስበው በአንድ ጣራ ሥር የሚያድሩ በመሆናቸው ነገሩ ለጊዜው ማንንም አላሳሰበም። ከምልምሎቹ አንዱ ግን ታሞ ሳለ ከጓዶቹ ጋር የሌሊት ጉዞ ወጥቶ ወደቀ፤ ፌብሩዋሪ 4 ቀንም ሞተ። ከእርሱና ከሌሎች ሕመምተኞች የተወሰዱት ናሙናዎች አትላንታ በሚገኘው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በተመረመሩ ጊዜ ከፊሎቹ በዚያ ዓመት በየስፍራው ሲዘዋወር የነበረውን የታወቀ ኢንፍሉዌንዛ አሳዩ። የቀሩት ጥቂቶቹ ግን ሌላ ነገር ያዙ፤ ይኸውም ከአሳማ ኢንፍሉዌንዛ ጋር የሚዛመድ፣ በሰው ዘንድ ለረጅም ዘመን ያልታየ ቫይረስ ነበር። በኋላ በደም ምርመራ እንደ ተረጋገጠው በሰፈሩ ውስጥ 230 ያህል ወታደሮች በዚሁ ቫይረስ ተይዘው ነበር። ሆስፒታል የገቡት 13፣ የሞተው አንድ ነው።

አንድ ሰው ሞተ ተብሎ ሁለት መቶ ሚሊዮን ሕዝብ ይከተብ ዘንድ መወሰኑ ዛሬ ለሚያነበው ሰው እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የዚያን ጊዜ ሊቃውንት በዓይናቸው ፊት የነበረው የፎርት ዲክስ ወታደር ብቻ አልነበረም። በ1930 እ.ኤ.አ. ሪቻርድ ሾፕ የተባለው ተመራማሪ የአሳማን ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ለይቶ ካወጣ ወዲህ በ1918 በዓለም ላይ የወረደው መቅሠፍት ከዚሁ ቫይረስ ጋር የቅርብ ዝምድና እንዳለው ይታመን ነበር። ለዚህም ማስረጃው በሽማግሌዎች ደም ውስጥ ተጽፎ ይገኝ ነበር ለማለት ይቻላል፤ በ1918 በሕይወት የነበሩት ሰዎች ደም የአሳማውን ቫይረስ የሚቋቋም ሲሆን ከዚያ በኋላ የተወለዱት ግን ይህ መከላከያ አልነበራቸውም። እንግዲህ የ1918ቱ ጠላት ተመልሶ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ዕድሜው ከ50 ዓመት በታች የሆነው አሜሪካዊ ሁሉ ጋሻ የሌለው ሆኖ ይገኝ ነበር።

ያ መቅሠፍት ለኢትዮጵያውያንም እንግዳ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር አዲስ አበባን የመታው «የኅዳር በሽታ» የዚሁ ወረርሽኝ አንድ ክንድ ነው። በዚያ ወር አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነበር። በከተማይቱ ብቻ የሞተው ሕዝብ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሲሆን፣ ቀባሪ እስኪታጣ ድረስ ቤተሰብ በሙሉ እንዳለቀ ይነገራል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ ተሰብስቦ ሲቃጠል ጢሱ የሚያስታውሰው ያን ወር ነው። በዓለም ላይ የሞተው ሰው ቁጥር በብዙዎች ግምት 50 ሚሊዮን ይደርሳል፤ በአሜሪካም 675 ሺህ ያህል ሰው አልቋል። በ1918 ለዚህ በሽታ የሚሆን ክትባት አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም ነበር፤ ቫይረሱ ራሱ ከሰው ተለይቶ የታወቀው በ1933 ለንደን ውስጥ በስሚዝ፣ በአንድሩስና በሌይድሎ ምርመራ ነውና።

በዕንቁላል ውስጥ የሚሠራ ፋብሪካ

ለማኅበሩ አባላት የኢንፍሉዌንዛ ክትባት አሠራር ከሕክምና ይልቅ የኢንዱስትሪ ጉዳይ ሆኖ ሊታያቸው ይገባል። ቫይረስ በሕይወት ያለ ሴል ካላገኘ አይባዛም። የአውስትራሊያው ሊቅ ማክፋርሌን በርኔትና ሌሎችም በ1930ዎቹ እንዳሳዩት ግን ጽንስ የያዘ የዶሮ ዕንቁላል ለዚህ ሥራ የተመቸ ማሰሮ ነው። 10 ወይም 11 ቀን የታቀፈ ዕንቁላል ቅርፊቱ ተበስቶ ጥቂት ቫይረስ ይጨመርበታል፤ ሁለት ሦስት ቀን በሙቀት ውስጥ ከቆየ በኋላ ጽንሱን የከበበው ፈሳሽ በቫይረስ ተሞልቶ ይቀዳል። ከዚያም ፈሳሹ በፎርማሊን ይገደላል፤ ይጣራል፤ ይመዘናል፤ በብልቃጥ ይሞላል። በዚያን ጊዜ አሠራር ከአንድ ዕንቁላል የሚገኘው ክትባት ለአንድ ሰው ወይም ከዚያ ጥቂት ለሚበልጥ ነበር። ስለዚህ ለመላው ሕዝብ ክትባት ይዘጋጅ ማለት በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠር ዕንቁላል፣ ያን የሚጥሉ ዶሮዎችና ዕንቁላሉን የሚያዳብሩ አውራ ዶሮዎች ይዘጋጁ ማለት ነው። የዶሮው መንጋ ደግሞ እንደ ብረት በትእዛዝ የሚፈላ አይደለም፤ ለመጪው መከር የሚፈለገው ክትባት በመጋቢት ካልታዘዘ ጊዜው ያልፋል። ይህ ነገር በኋላ በተደረገው ውሳኔ ላይ ምን ያህል እንደ ከበደ ብዙ ጸሐፊዎች ያልፉታል።

የመጀመሪያውን የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በ1943 በአሜሪካ ጦር ውስጥ የሞከሩት ቶማስ ፍራንሲስና ተማሪው ዮናስ ሳልክ ናቸው፤ ለሕዝብ እንዲውልም በ1945 ተፈቀደ። በ1947 ቫይረሱ መልኩን ለወጠና ክትባቱ ከንቱ ሆነ። በ1957 ሞሪስ ሂልማን የሆንግ ኮንግን ወረርሽኝ ዜና በጋዜጣ አንብቦ አደጋውን ቀድሞ በመገመቱ 40 ሚሊዮን ክትባት ለማዘጋጀት ተችሏል። በ1968 ግን ክትባቱ የደረሰው ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ ነበር፤ የአትላንታ ሰዎች ይህን የዘገየ ክትባት አልረሱትም።

የመጀመሪያዎቹ ክትባቶች አንድ ትልቅ ጉድለት ነበራቸው። ከቫይረሱ ጋር የዕንቁላል ዝቃጭ አብሮ ይወጋ ስለ ነበር ክንድ ያብጣል፤ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ይከተላል፤ አንዳንዱ ሰው ከክትባቱ የተነሣ ሁለት ቀን ይተኛል። «ክትባቱ ራሱ ኢንፍሉዌንዛ ያስይዛል» የሚለው በብዙ አገር የተሰማው ወሬ ከዚህ ነው የበቀለው። የሞተ ቫይረስ በሽታውን ሊያስይዝ አይችልም፤ ሰውነት ግን እንግዳውን ሲያይ ለውጊያ ይነሣና ትኩሳቱን ራሱ ያመጣል። ጉድለቱን ያቃለለው ሐኪም ሳይሆን የመሐንዲስ ሥራ መሆኑ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ደስ የሚያሰኝ ነው። በቴኔሲ በኦክ ሪጅ የአቶሚክ ተቋም የዩራኒየምን ዓይነቶች በከፍተኛ ፍጥነት አሽከርክሮ ለመለየት ከተደረገው ጥናት የተገኘው ዕውቀት በኖርማን አንደርሰን መሪነት ወደ ሕይወት ጥናት ተዛውሮ፣ ቫይረስን ከዝቃጭ የሚለይ ትልቅ ሴንትሪፉጅ ተሠራ። ይህ መኪና በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ ክትባት ፋብሪካዎች ከገባ ወዲህ የትኩሳቱና የእብጠቱ ብዛት በጣም ቀነሰ። በ1976 የተወጋው ክትባት በዚህ መንገድ የተጣራ እንደ ነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ኋላ የታየው ጉዳት ከቆሻሻ ክትባት የመጣ አልነበረምና።

ውሳኔው

የበሽታ መቆጣጠሪያው ማዕከል ኃላፊ ዶክተር ዴቪድ ሴንሰር በማርች ወር አጋማሽ ለበላይ ባለ ሥልጣኖች የጻፉት ማስታወሻ የጉዳዩን ሁሉ አቅጣጫ ወሰነው። የዚያ ማስታወሻ ጥበብ ለአንባቢው የተወው መንገድ አንድ ብቻ መሆኑ ነው፤ ልዩ ልዩ አማራጮችን ይዘረዝርና ከአንዱ በቀር ሁሉም የማያዋጡ መሆናቸውን ያሳያል። 1918 ይመጣል ያለ ሊቅ አልነበረም፤ አይመጣም ብሎ የሚፈርምም አልተገኘም። ወረርሽኙ የመምጣቱ ዕድል ስንት በመቶ ነው የሚለው ጥያቄ በየስብሰባው ሲነሣ ከዜሮ ይበልጣል ከማለት ያለፈ መልስ አልተሰጠበትም።

ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ማርች 24 ቀን ከሊቃውንት ጋር ተሰበሰቡ፤ ከመካከላቸውም በፖሊዮ ክትባት ስማቸው የገነነው ባላንጣዎች ዮናስ ሳልክና አልበርት ሳቢን ይገኙ ነበር። ሁለቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ ማየት ብርቅ ስለ ነበረ ፕሬዚዳንቱ በዚያው ምሽት ግራና ቀኝ አስቀምጠዋቸው ለመላው አሜሪካዊ ክትባት እንደሚሰጥ አስታወቁ፤ ከምክር ቤቱም 135 ሚሊዮን ዶላር ጠየቁ። ያ ዓመት የምርጫ ዓመት ነበር፤ ከዚያ በፊት በነበረው ቀንም ፎርድ በሰሜን ካሮላይና በሮናልድ ሬገን ተሸንፈው ነበር። ይህን ያስተዋሉ ጋዜጠኞች ዘመቻው የፖለቲካ ነው ማለታቸው አልቀረም። የሚገኘው ማስረጃ ግን ይህን ክስ የሚደግፍ አይመስልም፤ ፎርድ የመከሯቸውን ሰምተዋል፤ መካሪዎቹም ያመኑትን ተናግረዋል። ስሕተት ቢኖር የሐሳብ እንጂ የተንኮል አልነበረም። ምክር ቤቱ ገንዘቡን ፈቅዶ ፕሬዚዳንቱ ኤፕሪል 15 ቀን ሕጉን ፈረሙ።

ከዚያ በኋላ የተከታተለው ነገር ትልቅ ሥራ በቸኰለ ዕቅድ ሲሠራ ምን እንደሚሆን የሚያውቅን ሰው አያስገርምም። ከአራቱ አምራቾች አንዱ የተሳሳተ የቫይረስ ዓይነት ተጠቅሞ ሁለት ሚሊዮን ያህል ክትባት ያለ ፋይዳ አዘጋጀ። በጁን ወር ይፋ የሆነው ከ5 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ ክትባቱ ለጐልማሶች በአንድ መርፌ ብቻ በቂ መሆኑን ቢያሳይም፣ ለልጆች የሚስማማውን መጠን ማግኘት አስቸገረ፤ ሙሉውን ቫይረስ የያዘው ክትባት ትኩሳት ያስነሣባቸዋል፣ ተሰባብሮ የተዘጋጀው ደግሞ በአንድ መርፌ አይበቃቸውም። የኢንሹራንስ ኩባንያዎችም ለአምራቾቹ ዋስትና አንሰጥም አሉ። ምክንያታቸው ክትባቱን በመጠርጠር አልነበረም፤ በመቶ ሚሊዮን ሰው ላይ በሚፈጸም ማናቸውም ድርጊት ከሳሽ እንደማይጠፋ ስለሚያውቁ ነው። ይህን ሒሳብ ከሐኪሞቹ ይልቅ የኢንሹራንስ ሰዎች አስቀድመው ተረድተውት እንደ ነበር መቀበል ይገባል።

በዚህ ምክንያት ዘመቻው ሊቀር ሲል በጁላይ መጨረሻ ፊላደልፊያ ላይ በአንድ ሆቴል ለስብሰባ ከተገኙት የቀድሞ ወታደሮች ብዙዎቹ በሳምባ ምች ወደቁ፤ በርካቶቹም ሞቱ። ሕዝቡ የተፈራው መጣ አለ። ምርመራው ኢንፍሉዌንዛ አለመሆኑን ቢያረጋግጥም ድንጋጤው አልበረደም፤ ምክር ቤቱም መንግሥት ራሱ ተከሳሽ እንዲሆን የሚያደርገውን ሕግ አጣደፈና ኦገስት 12 ቀን ተፈረመ። ፊላደልፊያን የመታው በባክቴሪያ የሚመጣ ሌላ ሕመም መሆኑ የታወቀው በጃንዋሪ 1977 ነው። ከነገሩ ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት ባይኖረውም፣ በዚያው ሳምንት ኦገስት 9 ቀን፣ ማለትም ነሐሴ 3 ቀን 1968 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ በኦጋዴን የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ ተመዝግቧል። በዚያ የፈንጣጣ ዘመቻ የአትላንታው ማዕከል ከፍ ያለ ድርሻ ነበረው። ስለዚህ ዴቪድ ሴንሰርና ባልደረቦቻቸው በክትባት ኃይል ላይ የነበራቸው እምነት ባዶ ትዕቢት ነበር ማለት አይቻልም፤ አንድ ጥንታዊ መቅሠፍት ከዓለም ሲጠፋ እያዩ ነበርና።

በኦክቶበር የሞቱት ሽማግሌዎች

ክትባቱ ኦክቶበር 1 ቀን ተጀመረ። መርፌ በሌለው፣ በአየር ግፊት ፈሳሹን በቆዳ ውስጥ በሚረጨው መሣሪያ ሰው በየአዳራሹ ተሰልፎ ይወጋ ነበር። አሥር ቀን እንዳለፈ ፒትስበርግ ውስጥ በአንድ ጣቢያ የተከተቡ ሦስት ሽማግሌዎች በዚያው ቀን ሞቱ። በማግሥቱ የጋዜጦች አርዕስት የተሞላው በዚሁ ነበር፤ በርካታ ግዛቶችም ክትባቱን አቋረጡ። ምርመራው ሟቾቹ የልብ ሕመምተኞች እንደ ነበሩና ክትባቱ ጥፋት እንደሌለበት አሳየ፤ ፎርድም ኦክቶበር 14 ቀን ከቤተሰባቸው ጋር በቴሌቪዥን ፊት እጃቸውን ገልጠው ተወጉ።

ጉዳዩ ቀላል ስሌት ነበር። ዕድሜያቸው ከ65 እስከ 75 ከሆኑ መቶ ሺህ ሰዎች በዓመት 4 ሺህ ያህሉ ይሞታሉ ቢባል በቀን 11 ይሆናሉ። አንድ ሚሊዮን ሽማግሌ በአንድ ሳምንት ቢከተብ፣ ከመርፌው በኋላ ባሉት 24 ሰዓቶች ውስጥ ክትባቱ ባይኖርም ይሞቱ የነበሩ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች ይሞታሉ ማለት ነው። ይህን ለሕዝቡ አስቀድሞ የነገረ የለም። ሟች ከተገኘ በኋላ ሲነገር ደግሞ ማስተባበያ ይመስላል። «እንዲህ ያለ ሞት ይኖራል፤ ሲሆንም እየመረመርን እንነግራችኋለን» የሚል አንድ ማስታወቂያ በሴፕቴምበር ቢወጣ ኖሮ የኦክቶበሩ ድንጋጤ ምን ያህል ይቀል እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም።

የባሰው ግን ስሌቱ በፒትስበርግ ትክክል ሆኖ ከመገኘቱ የተነሣ የሚቀጥለውንም ወሬ ለመናቅ የሚገፋፋ ነበር። በኖቬምበር ወር አንድ የሚኒሶታ ሐኪም ከተከተበ በኋላ በጊላን ባሬ ሕመም የተያዘ ሰው ማየቱን አስታወቀ። ይህ ሕመም በ1916 በፈረንሳዮቹ ጊላን፣ ባሬና ስትሮል የተገለጠ ሲሆን የሰውነት መከላከያ የራሱን ነርቭ ሲወጋ የሚመጣ ነው። ከእግር ጣት በመደንዘዝ ይጀምራል፤ ጉልበት ይከዳል፤ ድካሙ ወደ ላይ እየወጣ ክንድንና ፊትን ይይዛል፤ ከከፋም የመተንፈሻ ጡንቻዎችን ያቆማል። አብዛኛው ሕመምተኛ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይድናል፤ አንዳንዱ ግን ለዘለዓለም ይሰናከላል፤ ጥቂቱም ይሞታል። ክትባት በሌለበትም ይኸው ሕመም አለ፤ ብዙ ጊዜ የተቅማጥ ወይም የጉንፋን በሽታ ካለፈ በኋላ ይከተላል። እንግዲህ ጥያቄው ሕመሙ ታየ ወይ የሚለው ሳይሆን፣ ከተለመደው በላይ ታየ ወይ የሚለው ነበር።

የአትላንታ ሰዎች የሠሩት መልካም ሥራ ከዚህ ላይ ነው። ወሬውን አልናቁም። ወደ ሌሎች ግዛቶች እየደወሉ በተከተቡትና ባልተከተቡት መካከል የታዩትን ሕመምተኞች ቆጠሩ። ቁጥሩ በተከተቡት ዘንድ በዝቶ ተገኘ፤ ይልቁንም ከመርፌው በኋላ ባሉት ሁለተኛና ሦስተኛ ሳምንቶች የተከማቸ ነበር። ድንገተኛ ግጥምጥሞሽ በሳምንታት ላይ እኩል ይበተናል፤ ምክንያት ያለው ነገር ግን ጊዜውን ጠብቆ ይመጣል። ዲሴምበር 16 ቀን 1976 ዘመቻው ቆመ። እስከዚያ ድረስ ከ40 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተከትቦ ነበር። በመጨረሻው ቆጠራ ከተከተቡት 532 ሰዎች በጊላን ባሬ ሕመም ተይዘው 32ቱ ሞተዋል፤ ክትባቱ ያመጣው ትርፍ አደጋ ከመቶ ሺህ ተከታቢ በአንድ ሰው ያህል ተገምቷል።

የፎርት ዲክሱ ቫይረስ ግን ከሰፈሩ አጥር አልወጣም። ፌብሩዋሪ ሳያልቅ ከራሱ ጠፍቶ ነበር።

ከመቶ ሺህ አንድ

ከመቶ ሺህ አንድ የሚሆን አደጋ በሙከራ ጊዜ ለምን አልታየም ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በ5 ሺህ ሰው ላይ በተደረገ ሙከራ እንዲህ ያለው ነገር አንድ ጊዜ እንኳ የመታየቱ ዕድል ከመቶ 5 ያህል ብቻ ነው። በ95 በመቶ እርግጠኝነት አንድ ሕመምተኛ ለማየት 300 ሺህ ሰው መሞከር ያስፈልጋል፤ ያ አንድ ሕመምተኛም ቢታይ ከተለመደው ሕመም የሚለይበት መንገድ የለም። ስለዚህ እጅግ ብርቅ የሆነ የጎንዮሽ ጉዳት የሚታወቀው ክትባቱ በሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ነው፤ ይህ የሙከራው ጉድለት ሳይሆን የቁጥር ባሕርይ ነው። ከዚህም የተነሣ የክትባት ዘመቻ የሚጀምር መንግሥት ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ የሚቆጥርና የሚያነጻጽር ክፍል ሊኖረው ይገባል። በ1976 እንዲህ ያለ ክፍል ስለ ነበረ ነው ጉዳቱ የታየው።

ወረርሽኙ ቢመጣ ኖሮ ግን የዚሁ ቁጥር ትርጉም ሌላ ይሆን ነበር። የ1918ቱ ሞት በአሜሪካ ከመቶ ሺህ ሰው ከ600 በላይ ነበር፤ በዚያ ፊት ከመቶ ሺህ አንድ የሚከፈል ዋጋ ነው። ጠላቱ ስላልመጣ ከሚዛኑ አንዱ ወገን ባዶ ሆነና አንዱ ሕመምተኛ ብቻ ቀረ። ለታመሙትና ለቤተሰቦቻቸው ግን ይህ ሁሉ ሚዛን ምንም አልነበረም፤ መንግሥታቸው ተሰለፉ ስላላቸው ተሰልፈዋል። እንዲፈርሙ በተሰጣቸው ወረቀት ላይ ስለ ጊላን ባሬ የሚናገር አንድ ቃል አልነበረም። ከ4 ሺህ በላይ የካሳ ጥያቄ ቀርቦ ክርክሩ ለብዙ ዓመታት ተጓተተ።

የመቆሙም ዋጋ ነበረው። ለሽማግሌዎችና ለሕመምተኞች የተዘጋጀው ክትባት የአሳማውንና በወቅቱ የታወቀውን የቪክቶሪያ ኢንፍሉዌንዛ አንድ ላይ የያዘ ስለ ነበረ፣ በጃንዋሪ 1977 የቪክቶሪያው ዓይነት ማያሚ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ሲነሣ ሽማግሌዎቹን የሚከላከለው መድኃኒት በመጋዘን ተቆልፎበት ነበር። አዲሱ የጤና ሚኒስትር ጆሴፍ ካሊፋኖ ይህን ክትባት በፌብሩዋሪ መልሰው ፈቀዱ፤ ዴቪድ ሴንሰርንም በዚያው ወር ከሥልጣን አነሡ።

ካሊፋኖ ቀጥለው ለሪቻርድ ኑስታድትና ለሃርቪ ፋይንበርግ ታሪኩን አጥንተው እንዲያቀርቡ አዘዟቸው፤ መጽሐፋቸውም በ1978 ወጣ። ካነሡት ሁሉ ለመሐንዲስ እጅግ የሚቀርበው አንዱ ነው፤ ክትባቱን የማዘጋጀትና ክትባቱን የመውጋት ውሳኔ ተለያይተው ሊወሰኑ ሲገባ በአንድ ቀን በአንድ ፊርማ ተወሰኑ። ዕንቁላሉ በመጋቢት መታዘዝ እንደ ነበረበት የታወቀ ነው። ክትባቱ በብልቃጥ ገብቶ በበረዶ ቤት ከተቀመጠ በኋላ ግን ሰኔንና ሐምሌን ጠብቆ፣ ቫይረሱ ከፎርት ዲክስ ሌላ ታይቷል ወይ ብሎ እንደ ገና መጠየቅ ይቻል ነበር። አልበርት ሳቢን ራሱ በበጋው ሐሳቡን ለውጦ ክትባቱ ተከማችቶ ይቆይ ብሏል። ግድብ ሲሠራ ጥናቱ፣ ዲዛይኑና ግንባታው ለየብቻ የሚጸድቁት መሐንዲሶች ስለሚጠራጠሩ አይደለም፤ መሬቱ በቁፋሮ ጊዜ የሚናገረውን ለመስማት ነው። በ1976 ግን ቆም ብሎ ለመስማት የተቀጠረ ቀን አልነበረም፤ ውሳኔውን የሚያስለውጠው ምን ዓይነት መረጃ እንደሆነም አስቀድሞ የጻፈ አልተገኘም።

ከዚያ ወዲህ

በ2009 ከአሳማ የመጣ ሌላ ኤች1ኤን1 ቫይረስ በእርግጥ ዓለምን አዳረሰ። በዚያን ጊዜ የተሰጠው ክትባት በጊላን ባሬ ረገድ ያመጣው ትርፍ አደጋ ከሚሊዮን አንድ ወይም ሁለት ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ቆጠራው ከመጀመሪያው ቀን ተደራጅቶ ነበርና ቁጥሩ ክርክር አላስነሣም። በ1976 አደጋው ለምን በዚያ መጠን ከፍ እንዳለ ግን እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አልተፈታም። በስዊድንና በፊንላንድ ደግሞ ከ2009ኙ ክትባቶች አንዱ በልጆችና በወጣቶች ላይ ብርቱ የእንቅልፍ ሕመም አስከትሎ በ2010 ታወቀ፤ ይህም ቢሆን የተገኘው በቆጠራ ነው።

ስለ ተራው የጎንዮሽ ጉዳት አያያዝም ዕውቀቱ እየጠራ ሄዷል። በ1976 ከተከተበ በኋላ ትኩሳት ለተነሣበት ልጅ አስፕሪን መስጠት የተለመደ ነበር፤ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ግን በቫይረስ ሕመም ላይ አስፕሪን የተሰጣቸው ልጆች ጉበትንና አንጎልን በሚጎዳው በራይ ሕመም ሊያዙ እንደሚችሉ ስለ ታወቀ፣ ለልጆች ፓራሲታሞል ተተካ። ለክንድ ሕመም ቀዝቃዛ ጨርቅ፣ ለትኩሳት ዕረፍትና ብዙ ውኃ ይበቃል፤ በሁለት ሦስት ቀን ያልፋል። እጅግ ብርቅ የሆነው ብርቱ አለርጂ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚመጣ ተከታቢው 15 ወይም 30 ደቂቃ ሳይሄድ እንዲቆይ ይደረጋል፤ በጣቢያው የሚቀመጠው አድሬናሊንም ለዚያው ነው። ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ የእግር መደንዘዝ፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ጸንቶ የሚቆይ ብርቱ የራስ ምታት የመጣበት ሰው ግን ይህን ከተራው ትኩሳት ሳይቆጥር ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። ለጊላን ባሬም በ1976 ከመተንፈሻ መኪና በቀር ብዙ ረዳት ያልነበረ ሲሆን፣ ኋላ የደምን ፈሳሽ መለወጥና የተጣራ የመከላከያ ፕሮቲን በደም ሥር መስጠት የታወቀ ሕክምና ሆኗል።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ የታወቀው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ ክትባቱ የተጀመረው ልክ በዓመቱ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. በየካ ኮተቤ ሆስፒታል ነው። ከዚያ ስድስት ቀን ቀደም ብሎ የገባው የአስትራዜኒካ ክትባት ከ2 ሚሊዮን በላይ ነበር። አጋጣሚው ከባድ ነበር፤ ዴንማርክ ብርቅ ስለ ሆነ የደም መርጋት ጉዳት ብላ ይህንኑ ክትባት ያቆመችው መጋቢት 2 ቀን ነው፤ በማግሥቱ በነበሩት ቀኖችም ጀርመን፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ተከተሏት። የአውሮፓ የመድኃኒት ባለሥልጣን መጋቢት 9 ቀን ክትባቱ ከጉዳቱ ጥቅሙ እንደሚበልጥ አስታውቆ፣ የጉዳቱ ማስጠንቀቂያ ግን በመግለጫው ላይ እንዲጻፍ አዘዘ። በዚያው ዓመት ጊላን ባሬም እጅግ ብርቅ ከሆኑት ጉዳቶች ተርታ ገብቶ በዚህና በጆንሰን ክትባት መግለጫ ላይ ተጻፈ፤ በ1976ቱ ወረቀት ላይ ያልነበረው ቃል ከ45 ዓመት በኋላ በብልቃጡ ሣጥን ውስጥ ታጥፎ ይመጣ ጀመር።